የላስሁት ጥርስ

ጥርሱን የላስሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም። ሀዋታ ገበያ የሚወራውን ሰምቻለሁ፤ ወሬኛው ሁሉ አፉን ይያዝና ከራሴ ይስማ። እናትነሽ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ማን ምን እንዳደረገኝ ስቆጥር ግን አንድም ቀን አልተሳሳትሁም።

ስንሻውን ከቆጠርሁት አርባ ስምንት ዓመት ሆነው። ሁለታችንም ከመተማ በኩል ወደዚህ ወደ ሱዳን ለሰሊጥ አጨዳ ነው የመጣን፤ እሱ ሃያ፣ እኔ አሥራ ስምንት። ጎን ለጎን እያጨድን ሰንብተን፣ አንድ ቀን ማጭዱን ጥሎ እጄን ያዘና «ካንች ሌላ አላገባም» አለኝ። አመንሁት። ሞኝ ነበርሁ አልልም፤ የሚታመን ፊት ነበረው። እናቱ እሜቴ ቱርካ ግን እንደ ወጋችን አጥንት አስቆጠሩ። ሰባት ቤት ወደ ኋላ አስጠይቀው እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ደረሱበት። «ጭቃ አቡኪ ቤቴ አትገባም! ዓይኗ ሰው ይበላል!» አሉ። እሱስ ምን አለ? ምንም። ማለዳ ሎሪ ላይ ተሳፍሮ ሄደ። እንቢ እንኳ አላለኝም። አጨዳው እስኪያልቅ ድረስ ሎሪ በመጣ ቁጥር ከሰሊጡ ውስጥ ቀና እያልሁ አይ ነበር። መሄዱን ሳይሆን ያን ቀና ማለቴን ነው ይቅር የማልለው።

ኋላ የምትመጥነውን አግብቶ ተመለሰ። የትልቅ እርሻ ወኪል ሆነ፤ ሠራተኛ ቀጣሪ፣ ሠራተኛ አባራሪ። እኔም አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ባሌንም ልጄንም ቀበርሁ። የቀረችኝ የልጄ ልጅ ኮከብ ናት።

እግዜርም ቀልደኛ ነው። ይች ልጅ አገር ምድሩን ትታ የወደደችው የስንሻውን የልጅ ልጅ ነው። ረዳኢ ይባላል፤ እናቱ የአክሱም ሰው ናትና ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። የተዋወቁትም መቃብር ላይ ነው። የካርቱሙ ጦርነት ሳይመጣ፣ ዶክቶራ ባሕሪያ የምትባል የካርቱም ሴት ከሁለት ነጭ ኸዋጆች ጋር መጥታ ራሃድ ወንዝ ዳር ያለውን ጉብታ አስቆፈረች። የጥንት ሰው አጥንት ነው የምታጠና። ረዳኢ የተማረ ነውና የሚወጣውን ሁሉ እየፈረመ የሚረከብ እሱ ሆነ፤ ኮከብ አፈሩን በወንፊት ትነፋ ነበር። አጥንቱ በትንፋሽ ይበላሻል ተብሎ ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ማር ቆራጭ መስለው ነው የሚውሉ። ልጁና ልጅቱ ታዲያ በዓይን ብቻ ተያዩ። ሦስት ወር ሙሉ በዓይን ብቻ! ጭንብሏን አውልቃ ውሃ ስትጠጣ መጀመሪያ ጊዜ ያያት ዕለት የያዘውን ባልዲ እግሩ ላይ ጣለው አሉ። ስሰማ ሳቅሁ። የማን ልጅ እንደሆነ ስሰማ ግን ሳቄን ቆረጥሁት።

ከጉብታው ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፤ አጥንቷ ማለቴ ነው። አምስት ሺህ ዓመቷ ነው አለች ዶክቶራ። እንደ ሕፃን ተኮራምታ፣ እራስጌዋ ላይ ማሰሮ፣ እግርጌዋ ላይ ወፍጮ ድንጋይ። የማሰሮውን ስባሪ ሳየው ገለባ አለበት፤ የዱራ፣ የማሽላው ገለባ፣ ከጭቃው ጋር የተቦካ።

«ይችማ ባለሙያ ናት» አልሁ። «እናቴም ሸክላው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ገለባ ታገባበት ነበር።»

ዶክቶራ ዓይኗ በርቶ ጻፈችው። «ሀቦባ፣ በዚህ ገለባ ነው የደረስንባቸው» አለችኝ፤ አያት ማለቷ ነው። «ዱራን ከዱር አምጥተው ዘርተው ከበሉት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናት። አሁን ደግሞ ጥርሷና የጆሮ አጥንቷ ከማን ወገን እንደሆነች ይነግሩናል። ደም ውስጥ፣ ምራቅ ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ የትውልድ ጽሑፍ አለ፤ ማሽን ያነበዋል።»

ይህን ስትል ስንሻው ደረሰ፤ ከዘራውን ተደግፎ፣ ነጭ ጃላቢያውን አንዠርጎ። ጉድጓዱን ቁልቁል አየና «እነዚህ የኔ አባቶች ናቸው» አለ። «ይህን አገር መንጥረው ያቀኑት እነሱ ናቸው። ማሽኑም ይመሰክራል።» ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ እኔ እንድሰማው ግን ጮክ አድርጎ፣ «ጭቃ አቡኪውማ ኋላ ነው ተከትሎ የመጣ» አለ።

ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ወደኔ የወረወረው የመጀመሪያ ቃሉ ይኸ ነው።

በማግስቱ ለኮከብ ምሳ ይዤ ሄድሁ። ጥርሱ ራኩባው ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀት ላይ ተቀምጧል። አቧራ ያዘለ አውሎ ነፋስ ድንገት ተነሣና የጉድጓዱን ሸራ ገነጠለው፤ ሁሉም እየተንጫጩ ሸራውን ለመያዝ ሮጡ። ከጥርሱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ምራቅ ውስጥ ጽሑፍ አለ አላሉም? እናቴ ጭቃን ቀምሳ ነበር የምታውቀው፤ እኔም ጥርሱን አንሥቼ ቀመስሁት። ግራና ቀኙን ላስሁት። ማሽኑ ሲያነበው የኔን ዘር ያግኝ፤ አገር ያቀናችው ባለ ማሰሮ የሸክላ ሠሪዋ ወገን ናት ይበል፤ ስንሻውም በቁሙ ይስማ። መልሼ አስቀመጥሁት። አፈር አፈር አለኝ። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር ግን በዕድሜዬ የለም።

*

ጥርሱ ባሕር ተሻገረ። ጦርነቱ መጣ፤ ዶክቶራ ከካርቱም ተሰዳ ገዳሪፍ ገባች። ዓመት ከመንፈቅ አለፈና መልሱ መጣ፤ ጥርሱ የዛሬ ሴት ነው ይላል። የሞተች ሳትሆን ቆማ የምትሄድ ሴት! ኸዋጆቹ ተቆጡ። የነካው ሰው ሁሉ በጠርሙስ ምራቁን ይስጥ ተባለ። ኮከብም ደረቷን ነፍታ ሰጠች፤ ጓንቷን አንድም ቀን አላወለቀችም ነበርና። የሁሉም ተመርምሮ ከጥርሱ ጋር የገጠመው የሷ ብቻ ሆነ።

ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበርና ረዳኢ ከገዳሪፍ በወረቀት ጻፈላት። የሎሪ ሹፌር አመጣው። እኔ አላነብ፤ «ጮክ አድርገሽ አንብቢው» አልኋት። በሩ ላይ ቆማ አነበበችው።

«ኮከብ፣ ጓንቴን አላወለቅሁም ብለሽ ማልሽልኝ፤ እኔም ባንች ቃል ማልሁና ፈረምሁ። አሁን ጥርሱ ካንች አፍ ነው ይላሉ። ጥፋት ለሰው ነው፤ ጥፋትሽን ብትነግሪኝ እሸከመው ነበር። ዓይኔን እያየሽ መዋሸትሽን ግን መሸከም አቃተኝ። ሦስት ወር ያወቅሁት ዓይንሽን ብቻ ነው፤ እሱም ከዋሸኝ ካንች ላይ ምን አውቅ ነበር? አያቴ የሸክላ ሠሪ ቤት ቃል እንደ ሸክላ ይሰበራል ሲሉ እጣላቸው ነበር። ቅዳሜ ወደ ፖርት ሱዳን እሄዳለሁ፤ ከዚያም ለትምህርት። አትጠብቂኝ። ረዳኢ።»

ልዋሽ? ደስ አለኝ። አንድ ልቤ እልል አለ። የስንሻው ዘር እንዲህ ነው አላልሁም? በአንድ ቀን አይነቅልም? የነገርኋት ሁሉ ደረሰ! ይህን ልላት አፌን ከፈትሁ።

ኮከብ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጠፈችው። መልሳ ዘረጋችውና «አትጠብቂኝ» የሚለውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ጥግ ወዳለው ሰሊጥ ሄደችና ማበጠር ጀመረች፤ ውጭ በመንገዱ ሎሪ ሲያልፍ ግን ቀና አለች።

አፌን ዘጋሁት። ደስታዬ እዚያው አፌ ውስጥ ኮመጠጠ።

*

ሁለት ቀን ዝም አልሁ። ወንድ ልጅ ሞልቷል፤ ትረሳዋለች፤ የስንሻው ቤት ሙሽራ ከምትሆን ትቅር እያልሁ ራሴን አባበልሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«ሀቦባ፣ እኔ እኮ አልነካሁትም» አለች። «ግን ማሽኑ አይዋሽም። ወላሂ አሁን ራሴን ተጠራጠርሁ። ምናልባት አስነጥሼ ይሆን? ምናልባት ጭንብሌ ወልቆ ሳላውቀው ይሆን? እያበድሁ ነው መሰለኝ።»

ይኸ ነው ያሸነፈኝ። ልጅ ብትጠላ ትጥላ፣ ብታለቅስ ታልቅስ። በንጹሕ እጇ ራሷን ጥፋተኛ ማድረጓን ግን አልቻልሁትም። እንዲያው እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ ያ ማሽን የሁሉን ሰው ለይቶ ያውቃል? ያንችን ከኔ ይለያል?»

«ሁሉንም ከደኅና ናሙና ቢያገኝ ይለያል» አለች፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ። «ከጥርሱ ያገኙት ግን ከእናት የሚወርደውን ክፍል ብቻ ነው። ረዳኢ አስተምሮኛል። እሱ ሳይቀየር ነው የሚወርድ፤ ካያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ። ያንች፣ የእማዬ፣ የኔ፣ ሁሉም አን…»

ቆመች። ዓይኗ ከመሬት ተነሥቶ ፊቴ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አፌ ወረደ።

አልካድሁም። እኔ ብዙ ነገር ነኝ፤ ካጅ ግን አይደለሁም።

«ያን የአውሎ ነፋሱ ዕለት» አለች።

«ያን ዕለት።»

«ለምን?»

«ስንሻውን ላቃጥል።»

«ያቃጠልሽው እኔን ነው» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሂጅና ንገሪ አልልሽም። እዚያ ቤት ደጅ አልረግጥም ብለሽ የማልሽ ነሽ። መሐላሽን ያዥ። እኔም ስሜን ተነጥቄ እኖራለሁ።» ተነሥታ ወጣች።

ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ሰው የማይመልሰውን ነገር ሲነግሩት እንዴት ነው የሚቀመጥ? መቀመጥ አቃተኝ።

*

ዓርብ ከቀትር በኋላ የስንሻው ግቢ ሰው ሞልቶታል። የልጁ መሸኛ ነው። ዶክቶራ ባሕሪያም ከገዳሪፍ መጥታ ጥላው ሥር ከርከዴ ትጠጣለች። ስንሻው መሐል ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ አየኝና እጁ ከዘራው ላይ ጠበቀ። ኮከብን አልጠራኋትም፤ ግን ከኋላዬ ኮቴዋን ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ቀረች።

«ቤቶች!» አልሁ። «ብይ በሉኝ ብዬ አልመጣሁም፤ አትነሡ። ምራቄን ልሰጥ ነው የመጣሁ።»

ሰዉ ተያየ። ስንሻው «ይች ሴትዮ ምን ትላለች?» አለ።

«ይች ሴትዮ ጥርሱን ላስሁት ትላለች! ኮከብ አልነካችውም። እኔ ነኝ፣ በዚህ ምላሴ። ዶክቶራ፣ ያን ጠርሙስሽን አምጭው። ልጅቱን ውሸታም ያለ ሁሉ ቃሉን እዚሁ ይዋጠው።»

ረዳኢ ከመቀመጫው ተነሣ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ዶክቶራ ብርጭቆውን አስቀምጣ ትንሽ አፈጠጠችብኝና «ያ ረቢ!» ብላ ግንባሯን መታች። «አንች የእናቷ እናት ነሽ? የአባቷ እናት ነበር የምትመስይኝ! አምስት ሺህ ዓመት ማንም ያልነካውን ጥርስ ላሽው? በምግብ እጦት ነው?»

«በበቀል ነው» አልሁ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። «ይኸ ሰውዬ ያችን ሴት አባቶቼ ናቸው አለ። እኔ ደግሞ ወገኔ እንድትባል ፈለግሁ። አሁን በእግዜር ተናገሪ፤ የጆሮዋ አጥንት አልተላሰም፤ ምን አለ?»

«የጆሮዋ አጥንት ንጹሕ ነው፤ ተናግሯል» አለች ዶክቶራ፤ ቁጣዋ በአንድ ጊዜ ወደ ሥራዋ ተመለሰ። «በእናቷ በኩል የዚሁ የወንዙ ዳር ሰዎች ናት። በአባቷ በኩል ከብትና ፍየል እየነዱ ከሩቅ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ከመጡት። መጤና ነባር ተጋብተው ነው እሷ የተወለደች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕዝብ መጣ፣ ስንት ሄደ። ጋሼ ስንሻው፣ እርስዎ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እሷ ሁለት መቶ ትውልድ ርቃ ነው ያለች። ያኔ የርስዎ አጥንት የሚባል ነገር የለም። ዱራውን ያለመዱት፣ ማሰሮውን የሠሩት፣ አንድ ሰዎች ናቸው። ጭቃ አቡኪና ባላገር የሚባል መለያ አጥንት ላይ አልተጻፈም። ብንፈልግም አናገኘውም።»

«የኔ ወገንስ ናት?» አልሁ።

«ካንችም ከሳቸውም እኩል ሩቅ ናት፣ ሀቦባ።»

እሱን እንኳ አልጠበቅሁም ነበር። ይሁን። ዋጥሁት። ስንሻው ግን ሲውጥ አየሁት። ሰው ሁሉ ያየዋል። በሕልሜ ስንት ጊዜ ያየሁት ነው፤ በሕልሜ ግን እንዲህ አላረጀም ነበር።

«አሁን ተራው የኔ ነው» አልሁት። «ለእንግዶችህ ንገራቸው፤ ወይ እኔ ልንገራቸው። እጄን ይዘህ የማልህልኝን፣ እናትህ አጥንት አስቆጥረው በሌለ ጽሑፍ ሲፈርዱብኝ አንገትህን ደፍተህ ሎሪ ላይ የወጣኸውን። አልፈልግሽም ማለት እንኳ ያቃተህ ሰው ዛሬ ከዘራ ይዘህ የማንን ቃል ነው እንደ ሸክላ ይሰበራል የምትለው? ሸክላ እንዳንተ ተነሥቶ አይሄድም። ሸክላ ካስቀመጡት ይገኛል! አምስት ሺህ ዓመት ቆይቶም ይገኛል!»

በከዘራው ጫፍ መሬት ጫረ። ያኔም ዝም ነበር ያለ።

ረዳኢ ግን አልሰማንም። ሰዉን እየገፋ ወደ በሩ ሄዶ ኮከብ ፊት ቆሟል። «መዓሌሽ፣ ኮከብ» ይላል። «ይቅር በይኝ፤ ማሽኑን አምኜ…»

«ማሽኑ አልዋሸም» አለች። «እኔም አልዋሸሁም። ከእናት የሚወርደው እንደማይቀየር ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ቤታችሁ ሌላ ማን አለ ብለህ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ይኸ ሁሉ አይመጣም ነበር። አልጠየቅኸኝም። አትጠብቂኝ ብለህ ጻፍህልኝ።»

«አጥፍቻለሁ።»

«ጥፋት ለሰው ነው አይደል ያልኸው? በል ሂድ። ኸላስ፣ አበቃ። አልጠብቅህም።»

አቤት አባባሏ! ቀጥ ብላ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። የስንሻው ደም ይህን ቃል ሲቀበል ለማየት አርባ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ልጁ የበሩን መቃን ያዘ። እኔም እንደ ጠማው ሰው ጠጣሁት። ከዚያ እጇን አየሁ። ከጀርባዋ ደብቃዋለች፤ ከጎን ለሚያያት ግን ይታያል። ያን ያጠፈችውን ደብዳቤ ጨብጧል።

ሄጄ ያን እጅ ያዝሁት።

«ኮከብ፣ ስሚኝ። የምለው ጥሩ ነገር አይደለም፤ እኔ ጥሩ ነገር አላውቅም። ይህን ቃል አሁን ትጥያለሽ፤ ደስ ይልሻል። ለአንድ ዓመት ደስ ይልሻል። ከዚያ ሎሪ በመጣ ቁጥር ቀና ትያለሽ።»

«አንች ይቅር ብለሻቸዋል?» አለችኝ፤ በአገጯ ወደ ስንሻው እያመለከተች።

«አላልሁም። ስለዚህ ነው የማውቀው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። የተቆጣችብኝ ቁጣ ገና አልበረደም፤ እንዲበርድም አልጠየቅኋት። ከዚያ ዓይኗን ቀስ ብላ ወደ ልጁ መለሰች። እንዲያ እንደ ጭንብሉ ጊዜ በዓይን ብቻ ተያዩ፤ ልጁ እንባው እየወረደ፣ እሷ ዓይኗን ሳታርገበግብ። በመጨረሻ «ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው?» አለችው።

«ሁለት።»

«በየሳምንቱ ትጽፋለህ። እየጠየቅህ ትጽፋለህ፤ እየፈረድህ አይደለም።»

«በየቀኑ» አለ።

«በየሳምንቱ አልሁህ» አለች። ድምፅዋ ግን መሐሉ ላይ ተሰበረ። እጇ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። ለቀቅሁት። ምን አደርገዋለሁ? የኔ አይደለ።

ጀርባዬን ሰጥቼ ልሄድ ስል ስንሻው ከኋላዬ ከዘራውን እየጎተተ መጣ። ሰው በማይሰማው ድምፅ «እናትነሽ» አለኝ። ስሜን ሲጠራ ከዚያ ከሰሊጡ ዘመን ወዲህ መጀመሪያው ነው። «ልጅቱን ሽማግሌ ልኬ እጠይቃለሁ። ራሴ እመጣለሁ፤ ደጅሽ ላይ እቆማለሁ። እኔንስ… ይቅር ትይኛለሽ?»

ዞሬ አየሁት። ያ የሚታመነው ፊት አሁንም እዚያው ነው፤ ቆዳው ብቻ ነው የሟሸሸ። ትልቅ ሰው ሆነን፣ ጥርሳችን አልቆ፣ ፀሐይ ላይ ቆመናል። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ልስልስ ሊል ሞከረ። እኔ አውቀዋለሁ ያን ነገር፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው የተዋወቅነው። ጉሮሮውን ያዝሁት።

«ሽማግሌህን ላክ» አልሁት። «ልጅቱን እሰጣለሁ። አንተን ግን አልምርህም፣ አያ ስንሻው። ሞቴ ድረስ አልምርህም።»

አንገቱን ደፋ። እኔ ቀና ብዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሎሪ እያጓራ አለፈ፤ ማን ተሳፍሮበት እንደሆነ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ልቤ እንደ ልጃገረድ ልብ ይመታ ነበር፤ ከጥላቻ ይሁን ከሌላ፣ እሱን ለማንም አልናገርም።